ሦስት ቅዳሜና አንድ ጥንድ ካልሲ፦ ለልጄ የክፍል ጓደኞች ስለተሰጠው የኦቲዝም ሥልጠና

በመጋቢት ወር መጀመሪያ፣ አራት ኪሎ አካባቢ የሚገኘው የልጄ ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች «የኦቲዝም ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና» የሚሰጥ አንድ የግል ድርጅት ጋብዞ ነበር። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም እንዳለው የታወቀው አራት ዓመት ሲሞላው ሲሆን፣ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በዚሁ ትምህርት ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራል። ሥልጠናው በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች፣ በየዕለቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የተሰጠ ሲሆን፣ ከየወላጁ 600 ብር ተዋጥቷል። ሦስቱንም ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተከታትያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ወራትም በክፍሉ ውስጥ ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ለማየት ሞክሬያለሁ። ድርጅቱንም ሆነ ትምህርት ቤቱን በስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በሌሎች መሰል ሥልጠናዎችም ላይ ያየኋቸው ስለሆኑ፣ ነገሩ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ብቻ እንዲመስል አልፈልግም።

በተሰጠን በራሪ ወረቀት ላይ የሥልጠናው ዓላማ «ልጆች ኦቲዝም ያለባቸውን እኩዮቻቸውን እንዲረዱ፣ እንዲያከብሩና እንዲያቀርቡ ማስቻል» ተብሎ ተቀምጧል። የእኔ ፍላጎት ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። ልጄ በዕረፍት ሰዓት የሚቆመው ከውኃ ቧንቧው አጠገብ፣ ከግቢው አጥር ሥር ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ አምስቱንም ብቻውን። ከአምስቱ ሁለቱን እንኳ ከሌላ ልጅ ጋር ቢያሳልፍ 600 ብሩ አይቆጨኝም ብዬ ነው የከፈልሁት። ሥልጠናውን የምመዝነውም በዚሁ ነው፤ ልጆቹ ስለ ኦቲዝም ምን ያህል ዐወቁ በሚለው ሳይሆን፣ የእነሱ ማወቅ ለእሱ ምን አደረገለት በሚለው።

ስለ ቦታው ብዙ አልናገርም፤ አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ሥልጠና የተሰጠው በኪራይ አዳራሽ ሲሆን፣ ከጣሪያው ረጃጅም የፍሎረሰንት መብራቶች ሁለቱ ብልጭ ድርግም ይሉ ነበር፤ ማይክሮፎኑ በየመካከሉ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያሰማል፤ ከውጭ ደግሞ የመንገድ ሥራው የድንጋይ መቁረጫ አያርፍም። አሠልጣኟ «ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ድምፅና ብርሃን ከእኛ በላይ ያውካቸዋል» ብላ ስታስረዳ፣ ልጄ በዚያ አዳራሽ ሩብ ሰዓት እንኳ መቀመጥ እንደማይችል እያሰብሁ ነበር። ለነገሩ እሱ አልተጋበዘም። ድርጅቱ «ስለ እሱ ሲወራ እንዳይሸማቀቅ» በሚል በሁለቱ ቀን ቤት እንዲቆይ መክሮ ነበር፤ እኔም በወቅቱ አሳማኝ መስሎኝ እሺ ብያለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠበቅሁት በላይ ጥሩ ነበር። አሠልጣኟ ሥራዋን ታውቃለች፤ አማርኛዋም ለልጅ የሚገባ፣ ያልተንዛዛ ነው። ኦቲዝም የሚይዝ በሽታ እንዳልሆነ፣ አንጎል ከጅምሩ በተለየ መንገድ ሲያድግ የሚታይ የመግባቢያና የስሜት ሕዋሳት ልዩነት መሆኑን፣ ወላጅ ልጁን ባለማቀፉ ወይም በማሞላቀቁ እንደማይመጣ አስረዳች። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ከጻፈ በኋላ እናቶች ለብዙ ዓመታት «ለልጃቸው ፍቅር የሌላቸው» እየተባሉ ሲወቀሱ መኖራቸውን ስትናገር፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። አንድ አባት ስለ ክትባት ጠየቁ፤ ጭምጭምታውን ያስነሣውን የ1998ቱን ጽሑፍ ያወጣው ላንሴት የተባለው መጽሔት ራሱ በ2010 እንደሰረዘው ነግራ አለፈች። ከሁሉ የወደድሁላት ግን ለአንድ ልጅ የሰጠችው መልስ ነው። ልጁ እጁን አውጥቶ «አያቴ ግን እርግማን ነው ይላሉ» አለ። እሷም «አያትህ ያደጉት ስሙ ባልታወቀበት ጊዜ ነው፤ ስሙ ያልታወቀ ነገር ደግሞ ያስፈራል። አንተ አሁን ስላወቅህ፣ ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ንገራቸው» አለችው። ልጁን ሳታሳፍር፣ አያቱንም ዝቅ ሳታደርግ።

እንዲህ ያለው ግንዛቤ የሚናቅ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ማግኘት ቸግሯቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ፣ ቃሉን ለሕዝብ ማስረዳት ብቻውን ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ በ2021 እስካረፉ ድረስም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ለግማሽ ጥቂት የቀራቸው አሳዳጊዎች በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንድ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ አሳይቷል። እኔም ከእነሱ የተለየሁ አልነበርሁም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ለጎረቤት «አፉን ዘግይቶ የሚፈታ ልጅ ነው» እያልሁ ኖሬያለሁ። በዚያው ወቅት እንጦጦ ጠበል አመላልሼዋለሁ። በጠበሉ አላፍርም፤ ከሰው እንዳንገናኝ ጎህ ሳይቀድ እየወጣን መሄዳችን ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስለዚህ አንድ ሰው አደባባይ ቆሞ «ይህ እርግማን አይደለም» ሲል፣ የልጁ የክፍል ጓደኞች ብቻ ሳይሆኑ የልጁ እናትም ቀና ትላለች።

ይሁን እንጂ በዚያው ቀን የተሰጠን 12 ገጽ ያለው ጥራዝ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። አሠልጣኟ «በሽታ አይደለም» ትላለች፤ ጥራዙ ግን «የኦቲዝም ተጠቂዎች» የሚለውን ሐረግ 17 ጊዜ ይደጋግመዋል። ተጠቂ የሚባለው የወረርሽኝ፣ የጎርፍ፣ የዘረፋ ነው፤ ልጅ ያን ቃል 17 ጊዜ አንብቦ «በሽታ አይደለም» የሚለውን ያስታውሳል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። በሽፋኑ ላይ ያለው ሥዕል የገጣጥሞ መጫወቻ ቁራጭ ነው። ይህ ምልክት መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1963 በለንደን፣ የወላጆች ማኅበር ውስጥ ሲሆን፣ በቁራጩ መካከል የሚያለቅስ ልጅ ነበረበት። ዛሬ ኦቲዝም ያላቸው ብዙ ጎልማሶች ምልክቱን የሚቃወሙት «እኛ የጎደለን ቁራጭ የለም» በሚል ነው። ጥራዙን ያዘጋጀው ሰው ይህን ክርክር የሰማ አይመስልም።

ከቃላቱ ይልቅ የከፋው ግን በስድስተኛው ገጽ ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፦ «የሌላውን ስሜት መረዳት አይችሉም።» ልጆቹ ይህን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በአንድነት አነበቡት። እኔ ትኩሳት ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ያለማንም ትእዛዝ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ እሱን የሚያረጋጋውን ትራስ አምጥቶ እግሬ ሥር ያስቀመጠ ልጅ እናት ነኝ። ጉዳዩ የእናት ስሜት ብቻ እንዳይመስል ደግሞ ጥናቱን ልጥቀስ። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው ዴሚያን ሚልተን የተባለ የእንግሊዝ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 ያቀረበው ሐሳብ፣ አለመግባባቱ የሁለት ወገን መሆኑን ያስረዳል፤ ኦቲስቲክ ሰው ሌላውን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ፣ ሌላውም ኦቲስቲኩን ለመረዳት ይቸገራል። በ2020 ካትሪን ክሮምፕተንና ባልደረቦቿ ኦቲስቲክ ጎልማሶችን በሰልፍ አድርገው አንዱ ለሌላው ታሪክ እንዲያቀብል ሲያደርጉ፣ ታሪኩ እርስ በርሳቸው ሲተላለፍ ከሌሎች ሰዎች ባላነሰ መጠን ሳይዛባ ደርሷል። ሥልጠና መስጠት ያስፈለገው ለእኩዮቹ መሆኑ ራሱ ይህን መቀበል ነበረበት፤ ጥራዙ ግን ጉድለቱን በሙሉ በአንድ ወገን ላይ ቆልሎ፣ ሌላውን ወገን ቸር አድርጎ ያወጣዋል።

ስለ «ልዩ ተሰጥዎ» የተነገረው ባጭሩ የሚታለፍ ነው። አሠልጣኟ «ብዙዎቹ በአንድ ነገር ከሁላችንም ይበልጣሉ» አለች፤ ሰኞ ዕለት ሦስት ልጆች ልጄን ከበው 347 በ12 ሲባዛ ስንት ይመጣል ብለው ጠየቁት። አላወቀውም። «ታዲያ የአንተ ምንድን ነው?» ብለውት ሄዱ።

ገንዘቤን ያስቆጨኝ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። የዕለቱ ርእስ «ለአንድ ሰዓት እነሱን መሆን» ይላል። 37ቱ ልጆች በቡድን በቡድን ተከፍለው፣ እጃቸው ላይ ወፍራም የሱፍ ካልሲ እንዲያጠልቁ፣ ኮሌታቸው ውስጥ የጆንያ ቁራጭ እንዲያስገቡና በዚያው ሁኔታ የሸሚዝ ቁልፍ እንዲቆልፉ ተደረገ። አንዱ ልጅ የስልክ መብራት ዓይናቸው ላይ ያበራል፤ ሌላው ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር ያስጮኻል፤ ሦስተኛው «ፍጠን! ፍጠን!» ይላል። መጀመሪያ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች፤ ሬዲዮውን የያዘው ልጅ ግን ማልቀሷ የጨዋታው ክፍል መስሎት ድምፁን ጨመረው። በመጨረሻ አሠልጣኟ ካልሲዎቹን አስወልቃ «ምን ተሰማችሁ?» ስትል፣ «ያስጠላል»፣ «ጭንቅ ነው»፣ «እኔ ብሆን ከቤት አልወጣም» የሚሉ መልሶች መጡ፤ አንዱም ከልቡ አዝኖ «ምስኪን!» አለ። ቃሉን ነጭ ሰሌዳው ላይ ጽፋ አሰመረችበት፤ ትምህርቱ እንደገባቸው ምልክት አድርጋ ነው የወሰደችው።

ልጄ ምስኪን አይደለም። የካኒቴራው የአንገት ምልክት ሲከረክረው ካኒቴራውን ገልብጦ መልበስ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ በጩኸቱ ልክ ከፋፍሎ ያውቀዋል፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጆሮውን ይይዛል፣ የዳቦ ቤቱን ጥግ ሲያልፍ ይለቃል። ካልሲ ያጠለቀ ልጅ የሚቀምሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ድንጋጤ ብቻ ነው፤ 11 ዓመት የኖረበት ሰው ያበጀውን መላ ሊያይ አይችልም። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ዓይናቸው ታስሮ የዓይነ ስውርነትን ችግር «የቀመሱ» ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ዓይነ ስውራን ሠርተው ራሳቸውን ችለው መኖር ስለመቻላቸው የሰጡት ግምት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በእንዲህ ዓይነት የማስመሰል ልምምድ ያለፉ ሰዎች ርኅራኄያቸው ቢጨምርም፣ የመረበሽና የአቅመ ቢስነት ስሜት እንዳደረባቸው፣ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ለመቀራረብ ያላቸው አመለካከት ግን እንዳልተሻሻለ መዝግቧል። በአጭሩ፣ ሰው ያዝንልሃል፤ አጠገብህ ግን አይቀመጥም። በአዳራሹ ያየሁትም ይህንኑ ነው።

ሰኞ ማታ እራት ላይ ልጄ ማንኪያውን አስቀምጦ «ማሚ፣ ኦቲዝም ማለት እጅ ላይ ካልሲ ማድረግ ነው እንዴ?» አለኝ። ስለ ራሱ ይህን ቃል የሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እኔ ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ቀስ ብዬ ልነግረው አስቤ ነበር፤ 37 ልጆች ቀደሙኝ። ለዚህ ጥፋት ከድርጅቱ እኩል ራሴን እወቅሳለሁ፤ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ እሱን የጠየቀ ግን ማንም የለም። አንድ ሥልጠና ስለ አንድ የታወቀ ልጅ ለክፍል ጓደኞቹ ከመሰጠቱ በፊት ልጁ ራሱ ኦቲዝም እንዳለው ማወቁን፣ እንዲነገርለትም መፍቀዱን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ መሆን ነበረበት።

ሦስተኛውን ቅዳሜ ያዳነው የአዳራሹ ኪራይ ማለቁ ነው። ቦታው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተዛወረ፤ ልጄም በዚህ ቀን ተጋበዘ። በመጀመሪያ ራሱ ኦቲዝም ያለው፣ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ የሚገኝ አንድ ወጣት ከታላቅ እህቱ ጋር መጥቶ፣ ያለማይክሮፎን ለሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። በአብዛኛው የሚያየው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነበር። አንዲት ልጅ «ጓደኛ ትፈልጋለህ?» ስትለው፣ «አንድ ሁለት ይበቃኛል» አለ። ሌላው «ሰው ሲጠራህ ለምን ዝም ትላለህ?» ብሎ ጠየቀው። «ዝም አልልም። እየመጣሁ ነው። እናንተ ቶሎ ትሄዳላችሁ» ብሎ መለሰለት። ከሦስቱ ቀን ሥልጠና ልጆቹ በቃላቸው የያዙት ይህን መልስ ነው፤ በቀጣዩ ሳምንት አንዱ ልጅ ልጄን በስሙ ጠርቶ፣ ጣቶቹን እያጠፈ እስከ ዐሥር ሲቆጥርለት በዓይኔ አይቻለሁ። ስድስት ላይ ዞረለት።

ቀጥሎ ልጆቹ በሦስት ምድብ ተከፍለው ጨዋታ እንዲፈጥሩ ታዘዙ። አሠልጣኟ አስቀድማ ልጄ ምን እንደሚወድ ጠይቃኝ ስለነበር (ይህ ትልቅ ምስጋና ይገባታል) የእሱ ምድብ ወንበሮችን ደርድሮ ሚኒባስ ሠራ፤ ልጄም ረዳት ሆነ። ልጄ የከተማውን የታክሲ መስመሮች በቃሉ ያውቃል። «ከሽሮ ሜዳ ሜክሲኮ እንዴት ነው የሚኬደው?» አለው አንዱ። «ስድስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ፣ አምባሳደር፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ!» የረዳቶቹን ዜማ እንዳለ ይዞ። አንዲት ልጅ መሀል ላይ «ወራጅ አለ!» አለች፤ እሱም ፊቱን ኮስተር አድርጎ «እዚህ መውረድ ክልክል ነው፤ ፌርማታው ወደፊት ነው» አላት። ልጆቹ ሳቁ፤ ይህ ሳቅ ግን የካልሲው ዕለት ሳቅ አልነበረም፤ የአዲስ አበባን ረዳት የሚያውቅ ሁሉ የሚስቀው ሳቅ ነው። «ሒሳብ ከኋላ!» ሲል የእርሳስ መቅረጫና የከረሜላ ወረቀት እንደ ገንዘብ እየተቀባበሉ ከፈሉት፤ መልስም ሰጣቸው። በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ያነሣ አልነበረም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጥላቻና ስለ መለያየት ሲጽፍ፣ መቀራረብ የሚጠቅመው ሁለቱ ወገኖች በእኩል ደረጃ ሆነው ለአንድ ዓላማ አብረው ሲሠሩና የበላይ አካል ሲደግፋቸው እንደሆነ አስቀምጧል። በሚኒባሱ ውስጥ ልጄ ከእኩልም በላይ ነበር፤ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነውና። ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ በአሜሪካ 60 ኦቲስቲክ ተማሪዎችን ይዘው በ2012 ያሳተሙት ጥናትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ልጁን ብቻውን ነጥሎ «እንዲህ ተጫወት» ብሎ ከማስተማር ይልቅ፣ የክፍል ጓደኞቹን በዕረፍት ሰዓት እንዴት እንደሚያጫውቱት ማሠልጠን ልጁ በክፍሉ የጓደኝነት መረብ ውስጥ ያለውን ቦታ የበለጠ አሻሽሎታል፤ በመጫወቻ ሜዳም ብቸኝነቱን ቀንሷል። ስለዚህ እኩዮችን ማሠልጠን አይጠቅምም የሚሉትን አልደግፍም። የሚጠቅመው ግን የተደጋገመና ድርጊት የሚያስተምር ሲሆን ነው። ካሳሪ ያን ውጤት ያገኘችው በሳምንታት በተከፋፈሉ 12 ክፍለ ጊዜያት ነው፤ እኛ የደረሰን ሃያ ደቂቃ ነው።

ከሥልጠናው በኋላ የተዘረጋው «የተረኛ ጓደኛ» አሠራርም ሳይነሣ የሚቀር አይደለም። አምስት ልጆች አረንጓዴ ሪባን ደረታቸው ላይ አድርገው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከልጄ ጋር ዕረፍት እንዲያሳልፉ ተመደቡ። ልጄ ደግሞ የተጻፈ ፕሮግራም ከምንም በላይ የሚያምን ልጅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ተረኛዋ ልጅ ታማ ቀረች፤ እሱ ደወል እስኪደወል ድረስ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። እኔ በዚያው ሳምንት ልወስደው መጥቼ፣ አንዱን ሪባን ያደረገ ልጅ «ና ከእሱ ጋር ተጫወት» ስለው፣ በትሕትና «እትዬ፣ ዛሬ ተራዬ አይደለም» አለኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ጓደኝነት እንደ ሰሌዳ መጥረግ በተራ የሚደረስ ሥራ መሆኑን ያስተማርነው እኛ ነን። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ከሌሎች ጋር በእኩልነት መማርን መብት ያደርገዋል፤ መብት ደግሞ በተረኛ ርኅራኄ ላይ ሊቆም አይገባም። ሪባኑ ከአራተኛው ሳምንት በኋላ እንዲቀር ጠይቄ፣ የክፍሉ መምህርት ወዲያው አስቀርተውታል።

ኦቲዝም የሚለው ስም በክፍሉ መታወቁ ልጄን ጠቀመው ወይስ ጎዳው ለሚለው፣ አንድ ወጥ መልስ የለኝም። ቀድሞ ሰላም ሲሉት ባለመመለሱ «ኩራተኛ» ይሉት የነበሩ ልጆች አሁን አይሉትም፤ ይህ ጥቅም ነው። ከሌላ ክፍል የመጣ አንድ ልጅ ግን «ኦቲዝሙ» ብሎ ሲጠራው ሰምቻለሁ፤ ቀድሞ በአባቱ ስም ነበር የሚለዩት። ጥናቶቹም እንዲሁ ወደዚህም ወደዚያም ይላሉ። ኖኣ ሳሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳዩት፣ ሰዎች ኦቲስቲክ ሰውን በቪዲዮ ለጥቂት ሰከንዶች ሲያዩ ለመቅረብ ያላቸው ፈቃድ ይቀንሳል፤ ንግግሩን በጽሑፍ ብቻ ሲያነቡት ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሳሰን ሰውየው ኦቲዝም እንዳለው ለተመልካቹ ሲነገረውና ተመልካቹም ስለ ኦቲዝም ዕውቀት ሲኖረው ግምቱ እንደሚሻሻል ጽፏል። በ2021 በ238 ጎልማሶች ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ፣ ኦቲዝም ያላቸውን ሰዎች ስለ መቀበል አጭር ሥልጠና የወሰዱት በግልጽ የሚናገሩት አመለካከት እንደተሻሻለ፣ ሳያውቁት የሚያድርባቸው ሥውር ግምት ግን ሥልጠናውን ካልወሰዱት እንዳልተለየ አግኝቷል። ልጆች ላይ በ2001 የታተመ ጥናትም፣ ስለ ኦቲዝም አጭር ማብራሪያ መስማታቸው ብቻውን ለእኩያቸው ያላቸውን አመለካከት እንዳላሻሻለው ይናገራል። ማስረዳት ምላስን ያርማል። ዕረፍት ሲደወል እግር ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ግንቦት መጨረሻ ነው። ልጄ ከአምስቱ የዕረፍት ቀናት ሁለቱን፣ አንዳንዴ ሦስቱን፣ ሪባን አድርገው ከማያውቁ ሁለት ልጆች ጋር ከቧንቧው አጠገብ ታክሲ ይጫወታል። አንደኛው ሾፌር ነው፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ የሚጣላ ተሳፋሪ ነው። የከፈልሁት 600 ብር ዋጋውን አግኝቷል ማለት ነው፤ ያስገኘው ግን ከሰባት ሰዓት ተኩሉ ሥልጠና ውስጥ የመጨረሻው ሰዓት ብቻ ነው። ለሌላ ወላጅ የምመክረው፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለወላጆችና ለመምህራን እንዲያስደርግ፣ ሁለተኛውን እንዲያስቀር፣ ሦስተኛውን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲያስደግም ነው። ኦቲዝም ያለው ተናጋሪ ከሌለ ውል ባይፈርም ይሻላል፤ ለተናጋሪውም እንደ አሠልጣኟ ይከፈለው እንደሆነ ይጠይቅ። የእኛው ተናጋሪ የተሰጠው የታሸገ ውኃና የምስክር ወረቀት ነው።

ይህን ሁሉ ለድርጅቱ በጽሑፍ ልኬ ነበር፤ በአራተኛው ቀን በአክብሮት መለሱልኝ። «ተጠቂ» የሚለውን ቃል ከጥራዙ እንደሚያወጡ፣ ስድስተኛውን ገጽ እንደሚያርሙ፣ ለአዳራሹም ሌላ ቦታ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። የካልሲው ልምምድ ግን «ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ክፍል ስለሆነ» እንደሚቀጥል ጽፈዋል። ትምህርት ቤቱ ለመጪው ዓመት የላከልኝን የፈቃድ ወረቀት ለልጄ አነበብሁለት። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስዶ መስመሩን ሰረዘው፤ እኔም ከሥሩ ፈርሜ መልሼዋለሁ።